ምግብን በቤት ውስጥ በፍሪዘር ማቆየት

ምግብን በፍሪዘር ማቆየት ማለት ጥሬም ሆነ የበሰለ ምግብ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ወይም ከዚያም በበረታ ቅዝቃዜ ውስጥ አኑሮ ለሳምንታት ወይም ለወራት እንዳይበላሽ ማድረግ ነው። በዚህ ቅዝቃዜ ባክቴሪያ፣ እርሾና ሻጋታ መራባታቸውን ያቆማሉ፤ ይሁን እንጂ አብዛኞቹ ስለማይሞቱ ምግቡ በረዶው ሲለቀው እንደገና መራባት ይጀምራሉ። ከዚህ የተነሣ ፍሪዘር መበላሸት የጀመረን ምግብ ሊያድን አይችልም። በብዙ ቤቶች ግን ወደ ፍሪዘር የሚገባው ለቀናት ተቀምጦ ሊጣል የደረሰው ምግብ ነው። ይህ ልማድ መቀየር ይገባዋል፤ ለማቆየት የታሰበ ምግብ በተገዛበት ወይም በተሠራበት ዕለት ቢገባ ጣዕሙም ጤንነቱም ይጠበቃል።

ምግቡ የሚረጋበት ፍጥነት ከሌላው ነገር ሁሉ በላይ ጥራቱን ይወስናል። በምግብ ውስጥ ያለው ውኃ ወደ በረዶነት ሲለወጥ መጠኑ 9 በመቶ ያህል ይጨምራል። ቀስ ብሎ ሲረጋ የሚፈጠሩት የበረዶ ቅንጣቶች ትልልቅ ስለሚሆኑ የሥጋውን ወይም የአትክልቱን ሕዋሳት ይበጣጥሳሉ፤ በረዶው ሲቀልጥ ከሥጋ የሚንጠባጠበው ፈሳሽና የአትክልቱ መላሸቅ ከዚህ የሚመጡ ናቸው። በፍጥነት የረጋ ምግብ ግን ቅንጣቶቹ ደቃቅ ስለሚሆኑ ጉዳቱ ያንሳል። አሜሪካዊው ክላረንስ በርድስአይ በ1910ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ዛሬ የካናዳ ክፍል በሆነችው በላብራዶር ሳለ፣ የአካባቢው ነባር ነዋሪዎች የሆኑት የኢኑይት ሕዝቦች በብርቱ ውርጭ ውስጥ ወዲያው ያረጉት ዓሣ ሲቀልጥ እንደ አዲስ የሚጣፍጥ መሆኑን አስተዋለ፤ በዚህ መነሻ የሠራው የፈጣን ማርጊያ ዘዴም በ1930 በማሳቹሴትስ ግዛት ስፕሪንግፊልድ ከተማ ለችርቻሮ ገበያ የቀረቡትን ምግቦች አስገኘ። የቤት ፍሪዘር የፋብሪካን ያህል ፍጥነት ባይኖረውም፣ ምግቡን በስሱ ዘርግቶ ማሸግ፣ ጥቅሎቹን ሳይደራርቡ ማስቀመጥና በአንድ ጊዜ ብዙ ያልረጋ ምግብ አለማስገባት ልዩነቱን በእጅጉ ያጠባል።

አብዛኞቹ አትክልቶች ከመግባታቸው በፊት በፈላ ውኃ ለብለብ መደረግ አለባቸው። ቅዝቃዜ የአትክልቱን ኢንዛይሞች (በአትክልቱ ውስጥ ለውጥ የሚያፋጥኑ ፕሮቲኖችን) ሥራ ያዘገያል እንጂ ጨርሶ አያቆምም፤ በመሆኑም ሳይለበለብ የገባ አትክልት በጥቂት ወራት ውስጥ ቀለሙና ጣዕሙ ይለወጣል። ለአተር እሸት አንድ ደቂቃ ተኩል፣ ለፎሶሊያ 3 ደቂቃ ያህል ይበቃል። ከዚያ ወዲያው በበረዶ ውኃ አቀዝቅዞ በደንብ ማጠንፈፍ ያስፈልጋል። ሽንኩርትና ቃሪያ ይህን አይፈልጉም።

የበሰለ ምግብ በትናንሽ ዕቃዎች ተከፋፍሎ ቶሎ እንዲቀዘቅዝና በ2 ሰዓት ጊዜ ውስጥ ወደ ማቀዝቀዣ እንዲገባ ይመከራል። ሾርባና ወጥ ሲረጉ ስለሚነፉ ዕቃው እስከ አፉ አይሞላም፤ በተለይ ጠርሙስ ሊሰነጠቅ ይችላል። አየር ያገኘው ሥጋ ደግሞ እርጥበቱ ከበረዶነት በቀጥታ ወደ ትነት እየተለወጠ ያመልጠዋል፤ ላዩም ደርቆ ይገረጣል። ይህ ጣዕምን ቢያጎድልም ለጤና አያሰጋም። መከላከያው አየሩን አስወጥቶ አጥብቆ ማሸግ ነው።

ገንዘብና ጊዜ የሚቆጥበው አንድ ጊዜ በብዛት ገዝቶ ወይም አብስሎ ለአንድ ማዕድ በሚበቃ መጠን መከፋፈሉ ነው። ሁለት ኪሎ ሥጋ በአንድ ጥቅል ከረጋ፣ ለአንድ ሰው ምሳ ሲባል ሁሉም መቅለጥ ይኖርበታል። በእያንዳንዱ ጥቅል ላይ የምግቡን ስምና የገባበትን ቀን መጻፍም የዚያኑ ያህል ይጠቅማል፤ ምንነቱ ያልታወቀ ጥቅል ማንም ሳያነሣው ከርሞ መጣሉ አይቀርምና፣ የተገዛበት ዋጋም ያቆየው ኤሌክትሪክም አብረው ይባክናሉ። ለጥራት ሲባል የተፈጨ ሥጋ ከ3 እስከ 4 ወር፣ ሾርባና ወጥ ከ2 እስከ 3 ወር፣ ያልተቆራረጠ ዶሮ እስከ አንድ ዓመት ቢቆዩ መልካም ነው።

ለፍሪዘር የማይመቹ ምግቦችም አሉ። ሰላጣና ኪያር ይላሽቃሉ፣ የተቀቀለ እንቁላል ነጩ ክፍል እንደ ጎማ ይሆናል፣ ማዮኔዝ ዘይቱ ይለያል። ጥሬ እንቁላል ከነቅርፊቱ ስለሚሰነጠቅ ተመትቶ በዕቃ ይገባል።

የረጋን ሥጋ በወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ማቅለጥ አደገኛ ነው፤ ውስጡ በረዶ ሆኖ ሳለ ላዩ ባክቴሪያ ወደሚራባበት ሙቀት ይደርሳልና። አስተማማኙ መንገድ ከፍሪዘር ወደ ፍሪጅ አውርዶ ማሳደር ሲሆን፣ ለቸኮለ ሰው ደግሞ ውኃ በማያስገባ ከረጢት ታሽጎ በየ30 ደቂቃው በሚለወጥ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ይነከራል፤ በዚህ መንገድ የቀለጠው ወዲያው መብሰል አለበት። የረጋ አትክልት ግን ሳይቀልጥ በቀጥታ ድስት ውስጥ ቢገባ ይሻላል።

መብራት ሲጠፋ በሩ ካልተከፈተ፣ የሞላ ፍሪዘር ቅዝቃዜውን ለ48 ሰዓት፣ እስከ ግማሽ የሞላው ለ24 ሰዓት ያህል ይይዛል። ከዚያ በኋላ በውስጡ የበረዶ ቅንጣት የሚታይበት ወይም ከ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልበለጠ ምግብ ጣዕሙ ትንሽ ቢቀንስም ተመልሶ ሊረጋ ይችላል፤ ከዚህ በላይ ሞቆ ከ2 ሰዓት በላይ የቆየ ሥጋ፣ ዓሣ ወይም የበሰለ ምግብ ግን ሽታው ባይለወጥም መጣል አለበት።