ሰምና ወርቅ ምንድን ነው? (የተሸፈነ ስድብ ግን አይደለም)

አንድ ዘፋኝ ግራ የገባው ስንኝ በለቀቀ ቁጥር «ወርቁን ፈልጉት!» የሚል አይጠፋም። (ሰም ላይ ላዩን የሚሰማው ትርጉም ነው፤ ወርቅ ከሥሩ የተቀበረው።) ሰሞኑን ደግሞ አንዱ ተንታኝ «ሰምና ወርቅ አምባገነንን ሳይታወቅ መስደብ ነው» ብሎ አረፈው። ኧረ በሕግ!

ቅኔ ቤት የዋለ ሰው ቀድሞ የሚመረምረው ሰሙን ነው። ወርቁማ ቀላል ነው፤ ገዥው በድሎናል፣ አለቀ። አንጥረኛ ጌጡን መጀመሪያ በሰም ይቀርጻል፣ በጭቃ ይለብጠዋል፣ ከዚያ ሰሙን አቅልጦ ወርቁን በቦታው ያፈሳል። ሰሙ ከተንሻፈፈ ወርቁም ተንሻፎ ይወጣል። ጭቃው አድማጩ ነው በሉት፤ በደንብ ካልደረቀ ይሰነጠቅና ወርቁ መሬት ላይ ይቀራል።

ለምሳሌ ያህል፣ ጣና ዳር ዓሣ የሚረከበውን ነጋዴ ይዤ ልግጠም፦

ከወደብ ላይ ቆሞ ሚዛን ሳይዝ በእጁ፣
ሲገዛ ኖረልን እስኪያረጅ ልጁ።

ካድሬ ጠርቶ ቢያፋጥጠኝ «ጌታዬ፣ ስለ አምባዛ ነው» ብዬ መማል እችላለሁ። ሰሙ ለብቻው ይቆማላ! «ሚዛን» ፍትሕ፣ «ሲገዛ» ሲነግሥ መሆኑን የሚሰማ ይሰማዋል። (የዋሸራ ቅኔ ቤት ሰው ቢያነበኝ «ይሄ ኅብር፣ አንድ ቃል ሁለት ትርጉም የያዘበት ነው እንጂ ሰምና ወርቅ አይደለም» ይለኛል። ልክ ነው። በጥብቁ ሰምና ወርቅ ሁለቱም በግልጽ ጎን ለጎን ይጠራሉ።)

ሌላው የሚያናድደኝ ጀግናውን መሳት ነው። ባሕር ዳር አዝማሪ ቤት ግቡ። አንዱ ከመቀመጫው «ተቀበል!» ይላል፣ ስንኙን ይሰጣል። አዝማሪው በማሲንቆ እያዋዛ ቃል በቃል ይደግመዋል። ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል። በማግስቱ ወሬው «አዝማሪው መንግሥትን ወረፈ» ነው። የገጠመው እኮ ጥግ ላይ ጠጁን የሚጠጣው ሰውዬ ነው! አዝማሪው «የተሰጠኝን ተቀበልኩ» ይላል፤ ደንበኛው «እኔ መች ዘፈንኩ» ይላል። መከለያው ሰሙ ብቻ አይደለም፣ ይሄ ቅብብልም ነው።

ሁልጊዜ ያድናል ግን አልልም። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በጣሊያኑ ገዥ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ ጣሊያን አዝማሪዎችንና ጠንቋዮችን እያሳደደ አስገድሏል። አማርኛ ለማይሰማ ገዥ ሰም ምን ይፈይዳል? ደግሞ ተቃውሞ ሁሉ በሰም አይመጣም። ደራሲው በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. ደርግን የሚተቸውን ልብ ወለድ ኦሮማይን ሲያሳትም እምብዛም አልተሸፋፈነም። በ1976 ዓ.ም. እንደወጣ ቀረ።

ተንታኙ «ነጻነት ሲመጣ ሰምና ወርቅ ይሞታል» ብሎም ጨምሯል። ጉባኤ ቃና የተባለውን ባለ ሁለት ቤት ቅኔ የሚቀኝ ደብተራ የሚፈራው ሳንሱር የለበትም፤ የሚፈራው ቤት መስበርን፣ የስንኙን መድፊያ ማበላሸትን ነው። አዝማሪውም በሰርግ ቀን ሙሽራውን በኅብር ሲሸነቁጥ የሚያመልጠው አምባገነን የለም፣ አማቱ እንዳይገባቸው ነው።