የባሕር ረቂቅ ተሕዋስያን ባዮቴክኖሎጂ ምንድን ነው?

ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ብትገኝም፣ በሆስፒታሎቿ ለሳንባ ምችና ለማጅራት ገትር የሚታዘዘው ሴፍትሪያክሶን የተባለ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት የዘር ሐረጉ የሚመዘዘው ከባሕር ዳርቻ ነው። ጣሊያናዊው ሐኪም ጁሴፔ ብሮትዙ በ1945 እ.ኤ.አ. በሰርዲኒያ ደሴት፣ የካልያሪ ከተማ ፍሳሽ ወደ ባሕር ከሚገባበት ስፍራ በወሰዱት ውሃ ውስጥ የታይፎይድ ባክቴሪያን የሚገታ ሻጋታ አገኙ፤ ሴፍትሪያክሶን የሚመደብበት የሴፋሎስፖሪን መድኃኒቶች ወገንም የተገኘው ከዚህ ሻጋታ ነው። የሻጋታው ዘመዶች በአፈር ውስጥም ስለሚኖሩ፣ የባሕር ተወላጅ ነው ብሎ አፍን ሞልቶ መናገር ግን ያስቸግራል።

የባሕር ረቂቅ ተሕዋስያን ባዮቴክኖሎጂ የሚባለው በባሕር የሚኖሩ ባክቴሪያዎችን፣ አርኬያዎችን (ከባክቴሪያ የሚለዩ ባለ አንድ ሕዋስ ፍጥረታት)፣ ፈንገሶችንና ጥቃቅን አልጌዎችን መርምሮ፣ የሚያመነጩትን ኬሚካልና ኢንዛይም ለሕክምና፣ ለምግብና ለኢንዱስትሪ የማዋል ሥራ ነው። በአንድ ሚሊ ሊትር የባሕር ውሃ ውስጥ አንድ ሚሊዮን ያህል ባክቴሪያ ይገኛል። ምግብ በጠበበበት፣ ጨው በበዛበት፣ አንዳንዴም ሙቀቱ በሚያይልበት ስፍራ የሚኖር ፍጥረት ተቀናቃኙን የሚያርቅበት ወይም ሙቀቱን የሚቋቋምበት ኬሚስትሪ ያስፈልገዋል፤ ተመራማሪው የሚፈልገውም ይህንኑ ነው። ለምሳሌ በጣሊያን ቩልካኖ ደሴት ዳርቻ ከሚገኝ ትኩስ የባሕር ደለል የተለየው ፓይሮኮከስ ፊውሪዮሰስ የተባለ አርኬያ 100 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይመቸዋል፤ ፒኤፍዩ የተባለው ኢንዛይሙም ፒሲአር በተባለው የላቦራቶሪ ዘዴ ዲኤንኤ ሲባዛ ስሕተትን ይቀንሳል።

ትልቁ ችግር ማብቀሉ ላይ ነው። ባለሙያው የአጋር ዱቄት በውሃ አፍልቶ በፔትሪ ሳህን ላይ ያፈሰዋል፤ ሲቀዘቅዝ ይረጋና ናሙናው ይዘራበታል። (አጋር ራሱ ከቀይ የባሕር አልጌ የሚሠራ ስለሆነ፣ የጎንደር ላቦራቶሪዎችም ሳይታሰብ የባሕር ደንበኞች ናቸው።) ከባሕር ውሃ ባክቴሪያዎች ግን በዚህ መንገድ የሚበቅሉት ከመቶ አንድ እንኳ አይሞሉም። ስለዚህ ዛሬ ዲኤንኤውን በቀጥታ ከውሃው አውጥቶ ማንበብ እየተለመደ መጥቷል፤ ይሁንና ዘረመሉን ማወቅ ብቻውን መድኃኒቱን እጅ አያስገባም።

የተገኘውም ሁሉ አይሠምርም። ሳሊኒስፖራ የተባለው ባክቴሪያ ከባሕር ወለል ደለል የሚገኝ፣ ጨው ካላገኘ የማያድግ፣ በጣና ውሃ ቢዘራ የማይበቅል ነው። ከእርሱ የተገኘው ማሪዞሚብ የተባለ ውህድ ወደ አንጎል ዘልቆ ስለሚገባ ለአንጎል ካንሰር ታላቅ ተስፋ ተጥሎበት ነበር፤ በሦስተኛው ምዕራፍ ክሊኒካዊ ሙከራ ግን በመደበኛው ሕክምና ላይ ተጨምሮ የሕሙማኑን ዕድሜ ማራዘም አልቻለም።