ከድስቱ በፊት ክሩ፦ የጥንቱን ማቅለም በመሀል አዲስ አበባ በእጅ መማር

የሀገራችን ሸማ ነጭ ነው። ቀለሙ ያለው ጥለቱ ላይ ነው። ስለዚህ የድሮውን ማቅለም መማር የሚፈልግ ሰው ነጠላ ገዝቶ ድስት ውስጥ አይዘፍዝፍ። የሚነከረው ገና ያልተሸመነው የጥለት ክር ነው።

መነሻው ስድስት ኪሎ ቢሆን ደስ ይለኛል። የዩኒቨርሲቲው ግቢ እስከ 1954 ዓ.ም. ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ያለው እዚያ ነው፤ ልብሶቹን ቀስ ብለው ይዩ። ከዚያ በታክሲ ሽሮ ሜዳ ቅርብ ነው። የጋሞ፣ በተለይም የዶርዜ ሸማኔዎች ማጉን በድሩ መሀል ሲወረውሩ ጎናቸው ቁጭ ብሎ ማየት ትልቅ ትምህርት ነው። ብቻ ሥራ አያስፈቷቸው።

ፈትሉን ከእናቶች ይማሩ። ጥጡ ተዳምጦ ፍሬው ይወጣል፣ በደጋን ተነድፎ ባዘቶ ይሆናል፣ ከዚያ እንዝርት። የመጀመሪያው ቀን ክር አንዱ ጋ ገመድ ያክላል፣ ሌላው ጋ ይበጠሳል። አይጣሉት፤ ለቀለም ሙከራ ይሆናል።

ጥጥ ቀለም ቶሎ አይዝም። መጀመሪያ በሳሙና ተቀቅሎ የጥጡ የተፈጥሮ ሰም ይልቀቅ። ቀጥሎ በሻይ ቅጠል ወይም በግራር ቅርፊት ውሃ ይደር፣ ከዚያ አሉም (ቀለሙን ክሩ ላይ የሚያጸናው ጨው) በሟሟበት ውሃ ይነከር። ይህን የዘለለ ሰው ቀለሙ በመጀመሪያው አጠባ ይሄድበታል።

ለጀማሪ ከቀይ ሽንኩርት ልጣጭ የሚሻል የለም። ከጉልት ጠርቀም አድርጎ መሰብሰብ፣ አንድ ሰዓት ማፍላት፣ ማጥለል። ውሃው የጠቆረ ሻይ ይመስላል፤ ክሩ ግን ወርቃማ ሆኖ ይወጣል። የዛገ ሚስማር የተዘፈዘፈበት ውሃ ውስጥ ብቅ ጥልቅ ሲያደርጉት ደግሞ ዓይንዎ እያየ ወደ ወይራ ቅጠል መልክ ይዞራል።

እርድ ያምራል፣ ፀሐይ ግን ይበላዋል። ሱፍ ይበልጣል፤ የፍትፍቱን ሱፍ ማለቴ ነው። የአበባው ቢጫ በቀዝቃዛ ውሃ ታጥቦ ከወጣ በኋላ፣ በአመድ ውሃ ሲታሽ የተደበቀው ቀይ ይወጣል። ሎሚ ጠብ ሲልበት ክሩ ላይ ይቀመጣል።

ድሮ ሁሉም ነገር በሀገር ቅጠል ይቀለም ነበር የሚሉ አሉ። አልስማማም። የመነኮሳቱ ቢጫ ወይባ አለ፣ የሴቶቹ እጅ እንሶስላ አለ። የጥለቱ ቀለም ግን ብዙ ጊዜ የመጣው ከውጭ ነው፤ ሸማኔዎች ከባሕር ማዶ የመጣ ቀይ ጨርቅ ተርትረው ክሩን ይጠቀሙ ነበር። ብሪቲሽ ሙዚየም ያለው፣ ከ5 ሜትር በላይ የሚረዝመው የጎንደር ዘመን መጋረጃ እንኳ ሐሩ ከውጭ የገባ ነው፤ አሠራሩ ግን የእኛ ነው። የፋብሪካ ቀለም የመጣው ደግሞ እንግሊዛዊው ኬሚስት ዊልያም ፐርኪን በፈረንጆች 1856 ለንደን ውስጥ ሐምራዊውን ሰው ሠራሽ ቀለም ካገኘ በኋላ ነው።

የነከሩትን ክር ጥላ ውስጥ ያድርቁ። ከእያንዳንዱ ቁራጭ ካርቶን ላይ ይጠምጥሙና ግማሹን በወረቀት ሸፍነው መስኮት ላይ ያቁሙት። በሁለት ሳምንት ውስጥ የቱ ለጥለት እንደሚሆን ይለይልዎታል።