ካናዳ ከኪዮቶ ፕሮቶኮል የወጣችበት መንገድ

አገሮች ከባቢ አየርን የሚያሞቁ ጋዞችን ልቀት ለመቀነስ የተስማሙበትን የኪዮቶ ፕሮቶኮል አጽድቃ ከገባች በኋላ በይፋ የወጣች አገር አንዲት ብቻ ናት፤ ካናዳ። አሜሪካ ፈርማ ነበር፣ ግን ስላላጸደቀችው መውጣትም አላስፈለጋትም። ካናዳ ፈረመች፣ ፓርላማዋ ውስጥ ተከራከረችበት፣ አጸደቀችው፣ ትልቁን የአየር ንብረት ጉባኤም ሞንትሪያል ላይ አስተናገደች። ከዚያ ሁሉ በኋላ ነው በዲሴምበር 2011 «በቃኝ» ያለችው። (ቀኖቹና ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ብዙ ሰው ይህን ታሪክ የሚያስታውሰው «ሀብታም አገር ቃሏን በላች» ብሎ ነው። ልክ ነው፣ ግን ነገሩ በዚህ አያበቃም። ካናዳ የወጣችው በሕጋዊ በር ነው። የወጣችበት ቀን ደግሞ በጥንቃቄ የተመረጠ ይመስላል። እኔ ከሁሉም በላይ የሚከነክነኝ ይኸው ቀን ነው፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ስምምነቱ ምን ይል ነበር?

የኪዮቶ ፕሮቶኮል በዲሴምበር 1997 ጃፓን ውስጥ፣ ኪዮቶ ከተማ ላይ ተወሰነ። መሠረቱ በ1992 በሪዮ የተፈረመው የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ለውጥ ማዕቀፍ ስምምነት ነው። ሐሳቡ ግልጽ ነበር። ከባቢ አየሩን ለረጅም ዘመን የበከሉት በኢንዱስትሪ የበለጸጉት አገሮች ስለሆኑ መጀመሪያ እነሱ ይቀንሱ። ስለዚህ ለእያንዳንዳቸው በቁጥር የተቀመጠ ግዴታ ተሰጠ። የአውሮፓ ኅብረት 8 በመቶ፣ አሜሪካ 7፣ ጃፓንና ካናዳ 6 በመቶ እንዲቀንሱ ተባለ። መነሻው የ1990 የልቀት መጠን ነው። ሂሳቡ የሚሠራው ደግሞ ከ2008 እስከ 2012 ባሉት አምስት ዓመታት አማካይ ላይ ነው።

እንደ ኢትዮጵያ ያሉ አገሮች የመቀነስ ግዴታ አልተጣለባቸውም። ነገር ግን ደን አልምተው ወይም ንጹህ ኃይል አመንጭተው ያስቀሩትን ካርቦን ግዴታ ላለባቸው አገሮች መሸጥ ይችሉ ነበር። ወላይታ ውስጥ ሁምቦ ላይ የተሠራው ሥራ የዚህ ፍሬ ነው። ከ2,700 ሄክታር በላይ የተራቆተ ተራራ ከከብትና ከምሳር ተጠበቀ። በመሬቱ ውስጥ የቀሩት ጉቶዎች እንዲያቆጠቁጡ ተደረገ፤ ገበሬዎቹም በማኅበር ተደራጅተው በኪዮቶ ሥርዓት የካርቦን ሽያጭ ገቢ አገኙ። ሀብታም አገሮች ግዴታ ከሌለባቸው ይህን ካርቦን የሚገዛ ሰው ይጠፋል። የኦታዋ ውሳኔ እስከ ሁምቦ የሚደርስበት አንዱ ክር ይህ ነው።

ግዴታው ካናዳን ለምን ከበዳት?

ከኪዮቶ ጉባኤ ጥቂት ቀደም ብሎ የፌዴራል መንግሥቱና የክፍለ ግዛቶቹ ሚኒስትሮች ሬጃይና ከተማ ላይ ተገናኝተው ነበር። እዚያ የተስማሙት ልቀቱን ወደ 1990 ደረጃ ለመመለስ ብቻ ነበር። የጠቅላይ ሚኒስትር ዣን ክሬቲየን ልዑካን ግን ከኪዮቶ 6 በመቶ ቅነሳ ይዘው ተመለሱ። ክፍለ ግዛቶቹ «ሳታማክሩን!» ብለው ተቆጡ። ነገሩ ቀላል አልነበረም። በካናዳ ሕገ መንግሥት የተፈጥሮ ሀብት ባለቤቶች ክፍለ ግዛቶቹ ናቸው። ውጭ አገር የሚፈርመው የፌዴራሉ መንግሥት ነው፤ ነዳጁ ግን የአልበርታ ክፍለ ግዛት ነው።

የአልበርታ ነዳጅ ደግሞ እንደ ሌላው ነዳጅ ተቆፍሮ የሚፈስ አይደለም። ከአሸዋ ጋር የተጣበቀ፣ እንደ ቅጥራን የወፈረ ዘይት ነው። ከአሸዋው ለመለየት ሙቅ ውኃ ወይም እንፋሎት ያስፈልጋል። እንፋሎቱን ለመሥራት ብዙ የተፈጥሮ ጋዝ ይቃጠላል። ስለዚህ ዘይቱ መኪና ውስጥ ገብቶ ከመንደዱ በፊት ገና ሲመረት ብዙ ካርቦን ይለቃል። አብዛኛው ወደ አሜሪካ ይላካል፤ ሲመረት የወጣው ጭስ ግን በካናዳ ስም ይመዘገባል። የነዳጅ ዋጋ በ2000ዎቹ ሲወጣ ምርቱ አደገ፣ ልቀቱም አብሮ አደገ። አብዛኛው ኤሌክትሪኩ ከውኃ ኃይል የሚመጣለት ኬቤክ ስምምነቱን ሲደግፍ፣ የአልበርታው መሪ ራልፍ ክላይን አጥብቀው የተቃወሙት ለዚህ ነው።

ክሬቲየን ይህን ሁሉ እያወቁ በዲሴምበር 17 ቀን 2002 አጸደቁት። ማጽደቁ ጥሩ ነበር። ከዚያ በኋላ የሆነው ግን ያሳዝናል። ለትልልቅ ኩባንያዎች የሚያስገድድ ሕግ ሳይወጣላቸው ዓመታት አለፉ። መንግሥት ያን ጊዜ ከታወቀባቸው ሥራዎች አንዱ እያንዳንዱ ዜጋ ከራሱ ልቀት አንድ ቶን እንዲቀንስ የሚጠይቅ የማስታወቂያ ዘመቻ ነበር። ዜጋውን መለመን ጥፋት የለውም። ፋብሪካውንና የነዳጅ ማውጫውን ሳይነኩ ዜጋውን ብቻ መለመን ግን ትልቅ ጥፋት ነው። በ2005 መጨረሻ የሞንትሪያሉ ጉባኤ ሲካሄድ ሰብሳቢው የካናዳ የአካባቢ ሚኒስትር ስቴፋን ዲዮን ነበሩ። ውሻቸውን «ኪዮቶ» ብለው እስከ መሰየም የደረሱ ሰው ናቸው። የአገራቸው ልቀት ግን በዚያው ሰዓት ከ1990ው በብዙ በልጦ ነበር። ስለዚህ ለኪዮቶ ውድቀት ተጠያቂው አንድ ፓርቲ ብቻ ነው የሚለውን አልቀበልም።

ስቴፈን ሃርፐር እና ተቃዋሚዎቹ

በ2006 መጀመሪያ ወግ አጥባቂው ስቴፈን ሃርፐር ምርጫ አሸነፉ። ሰውየው ስለ ኪዮቶ ያላቸውን አቋም ደብቀው አያውቁም። በ2002 ለፓርቲያቸው ገንዘብ ለማሰባሰብ በጻፉት ደብዳቤ ስምምነቱን ሀብት ከሚያፈሩ አገሮች ገንዘብ መምጠጫ የሶሻሊስቶች ዕቅድ ብለውት ነበር። ሥልጣን ሲይዙ ግን ካናዳን ወዲያው ከስምምነቱ አላስወጡም። መንግሥታቸው ግቡ ሊደረስበት አይችልም እያለ በስምምነቱ ውስጥ ቆየ።

ፓርላማ ውስጥ ወንበራቸው ከግማሽ በታች ስለነበር ተቃዋሚዎቹ ተባብረው በ2007 አንድ ሕግ አሳለፉ። ሐሳቡን ያቀረበው የሊበራል ፓርቲው እንደራሴ ፓብሎ ሮድሪገዝ ነው። ሕጉ መንግሥት ኪዮቶን እንዴት እንደሚፈጽም ዕቅድ እያወጣ እንዲያቀርብ ያስገድዳል። መንግሥት ዕቅድ አቀረበ፤ ዕቅዱ ግን ግቡ ላይ እንደማይደረስ የሚናገር ነበር። የአካባቢ ተቆርቋሪዎች ፍርድ ቤት ሄዱ። የፌዴራል ፍርድ ቤቱ በ2008 ይህ ፓርላማውና መንግሥት የሚጨራረሱት ጉዳይ ነው እንጂ ዳኛ የሚወስነው አይደለም አለ። ሕግ ወጥቶ አስፈጻሚ ሲያጣ እንዲህ ነው።

በሜይ 2011 ሃርፐር ሙሉ አብላጫ አገኙ። ከዚያ በኋላ የሚያግዳቸው አልነበረም።

ደርባን፣ ከዚያ ኦታዋ

የ2011 ጉባኤ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ደርባን ላይ ተካሄደ። ካናዳ ልትወጣ ነው የሚለው ወሬ አስቀድሞ ወጥቶ ነበር። የአካባቢ ሚኒስትሩ ፒተር ኬንት፣ የቀድሞ የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ፣ ወሬውን ማረጋገጥም ማስተባበልም አልፈለጉም። ሊቀ ጳጳስ ዴዝመንድ ቱቱን ጨምሮ የደቡብ አፍሪካ ታዋቂ ሰዎች አንድ ትልቅ የካናዳ ጋዜጣ ላይ መልእክት አሳተሙ። ካናዳ አፓርታይድን በመቃወም ከጎናቸው እንደነበረች አስታውሰው፣ አሁንም ከአፍሪካ ጎን እንድትቆም ጠየቁ። ኬንት ንግግር ሲያደርጉ ደግሞ ጥቂት ካናዳውያን ወጣቶች ተነስተው ጀርባቸውን ሰጧቸው።

ጉባኤው በዲሴምበር 11 ተዘጋ። ኬንት በማግስቱ ኦታዋ ገብተው ፓርላማ ውስጥ ለጋዜጠኞች መውጣቱን አሳወቁ። ያቀረቧቸው ምክንያቶች ሁለት ናቸው። አንደኛው፣ ትልልቆቹ ልቀት አመንጪዎች አሜሪካና ቻይና ግዴታ የሌለባቸው ስምምነት ዓለምን አያድንም የሚል ነው። ይህ ቁም ነገር አለው፤ በቀላሉ የሚጣል ክርክር አይደለም። ሁለተኛው ገንዘብ ነው። ብንቆይ 14 ቢሊዮን ዶላር፣ በቤተሰብ ሲሰላ 1,600 ዶላር ገደማ እንከፍላለን አሉ። ያለበለዚያ በአገሪቱ ያለውን መኪና ሁሉ ከመንገድ ማስወጣት ይጠይቃል ብለው አስረዱ።

ይህ ገንዘብ ግን ቅጣት አልነበረም። ብዙ ዜና «ካናዳ ከ14 ቢሊዮን ቅጣት አመለጠች» ብሎ ዘግቦታል፤ ስህተት ነው። ኪዮቶ የገንዘብ ቅጣት የለውም። ግቡን የሳተ አገር የጎደለው ልክ 30 በመቶ ተጨምሮበት በሚቀጥለው ዘመን እንዲለቅ ከሚፈቀድለት ድርሻ ይቀነሳል፤ ካርቦን የመሸጥ መብቱም ይታገዳል። 14 ቢሊዮኑ ካናዳ የጎደላትን ለመሙላት ከሌሎች አገሮች የካርቦን ድርሻ ብትገዛ የምታወጣው ነው ተብሎ የተገመተ ወጪ ነው። መንግሥት ለሕዝቡ ይህን ልዩነት በደንብ ማስረዳት ነበረበት።

አሁን ወደ ቀኑ። የፕሮቶኮሉ አንቀጽ 27 ስምምነቱ ሥራ ላይ ከዋለ ከሦስት ዓመት በኋላ ማንም አገር በጽሑፍ አሳውቆ መውጣት ይችላል ይላል። መውጣቱ የሚጸናው ማስታወቂያው ከደረሰ ከአንድ ዓመት በኋላ ነው። ካናዳ ይፋዊ ደብዳቤዋን ያስገባችው በዲሴምበር 15 ቀን 2011 ነው። ስለዚህ የወጣችው በዲሴምበር 15 ቀን 2012 ሆነ። የኪዮቶ የመጀመሪያው ዘመን የሚያልቀው ደግሞ በዲሴምበር 31 ቀን 2012 ነው። አስቡት፤ አምስት ዓመት የተቆጠረው ሂሳብ ሊዘጋ 16 ቀን ሲቀረው ከመዝገቡ ወጣች። ደብዳቤው ጥቂት ሳምንት ቢዘገይ ኖሮ ካናዳ እስከ መጨረሻው ቀን አባል ሆና ግቧን መሳቷ በይፋ ይታወጅ ነበር። ያን ጊዜ ልቀቷ ከ1990ው በ17 በመቶ ገደማ ይበልጥ ነበር፤ መቀነስ የነበረባት ግን 6 ነው። የተቃዋሚው ፓርቲ እንደራሴ ሜገን ሌስሊ ነገሩን እንደሚወድቅ ሲያውቅ ትምህርቱን ጥሎ ከሚወጣ ተማሪ ጋር አመሳስለውታል። ከዚህ የተሻለ አገላለጽ አላገኘሁም።

ቻይና ውሳኔውን አሳዛኝ አለችው። ባሕር ሊውጣት የምትሰጋው የትንሿ ደሴት አገር የቱቫሉ ተደራዳሪ በወደፊታችን ላይ የተፈጸመ አሻጥር ነው አሉ። የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ክርስቲያና ፊጌሬስ ማዘናቸውን ገልጸው፣ ካናዳ ከኪዮቶ ብትወጣም የ1992ቱ ስምምነት ግዴታ እንዳልተነሳላት አስታወሱ።

አገር ውስጥም አንድ የመጨረሻ ሙከራ ነበር። የሞንትሪያል ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፕሮፌሰሩ ዳንየል ተርፕ መንግሥትን ከሰሱ። ክርክራቸው ፓርላማው በ2007 ባወጣው ሕግ ኪዮቶን እንዲፈጽም የታዘዘ መንግሥት ያለ ፓርላማው ፈቃድ መውጣት አይችልም የሚል ነው። በጁላይ 2012 ተረቱ። ፍርድ ቤቱ ውል መግባትም ከውል መውጣትም የአስፈጻሚው ሥልጣን ነው አለ። የ2007ቱ ሕግ ራሱም በጁን 2012 በአንድ ወፍራም የበጀት ሕግ ውስጥ ተሰንቅሮ ተሽሮ ነበር።

ሁለተኛው መውጣት

ከኪዮቶ ያነሰ ወሬ የተወራለት፣ ለእኛ ግን ይበልጥ የሚቀርብ ሌላ ታሪክ አለ። በማርች 2013 የሃርፐር መንግሥት በረሃማነትን ለመዋጋት ከተደረገው የተባበሩት መንግሥታት ስምምነትም ለመውጣት ወሰነ። የዚህ ስምምነት ሙሉ ስም ውስጥ «በተለይ በአፍሪካ» የሚል ቃል አለበት። የአፍሪካ አገሮች በሪዮ ታግለው ያስገኙት ስለሆነ ነው። ካናዳ ታዋጣ የነበረው በዓመት ከግማሽ ሚሊዮን ዶላር በታች ነው። መንግሥት ገንዘቡ በቢሮ ወጪ ይበላል የሚል ምክንያት ሰጠ። ድርቅ ለሚደጋገምበት አገር ሰው ይህ ውሳኔ ከኪዮቶው በላይ ያማል። ያን ጊዜ ከዚህ ስምምነት የወጣ ሌላ አገር አልነበረም። ካናዳ በ2017 ተመልሳ ገባች።

ከኪዮቶ በኋላ

ካናዳ ኪዮቶን ስትተው ሌላ ግብ ነበራት። በኮፐንሃገን ጉባኤ ጊዜ ከአሜሪካ ጋር ተስማምታ እስከ 2020 ድረስ ከ2005ቱ ልቀት 17 በመቶ እንደምትቀንስ ቃል ገብታ ነበር። 2020 ደረሰ፤ በኮቪድ ምክንያት አውሮፕላንና መኪና ቆሞም እንኳ ቅነሳው 10 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር።

በ2015 ጀስቲን ትሩዶ ተመረጡ፤ በኦክቶበር 2016 ካናዳ የፓሪስ ስምምነትን አጸደቀች። ፓሪስ ከኪዮቶ ውድቀት የተማረ ነው። ግቡን የሚያወጣው አገሩ ራሱ ነው፤ ግቡን ለሳተ ደግሞ ቅጣት የለም። የመውጫው በር ግን እዚያው አለ። አንቀጽ 28 ሦስት ዓመት መቆየትን፣ ከዚያ የአንድ ዓመት ማስታወቂያን ይጠይቃል፤ ልክ እንደ ኪዮቶ። አሜሪካ በኖቬምበር 2020 የወጣችው፣ በ2021 ከተመለሰች በኋላም በ2025 ለሁለተኛ ጊዜ የመውጫ ማስታወቂያ ያስገባችው በዚሁ አንቀጽ ነው።

ካናዳ በ2021 ግቧን ከፍ አድርጋ እስከ 2030 ከ2005ቱ ከ40 እስከ 45 በመቶ እንደምትቀንስ አሳወቀች። ዋናው መሣሪያዋ የካርቦን ክፍያ፣ ማለትም በሚለቀቀው ካርቦን ልክ የሚከፈል ገንዘብ ነበር። ክፍያው በየነዳጅ ማደያው ዋጋ ላይ ይታይ ስለነበር፣ ካልጋሪና ኤድመንተን ታክሲና የጭነት መኪና የሚነዱ ወገኖቻችን ሳይቀሩ በደንብ ያውቁታል። የኑሮ ውድነቱ ሲብስ ሕዝቡ ጠላው። ጠቅላይ ሚኒስትር ማርክ ካርኒ ሥልጣን በያዙ በጥቂት ሳምንት ውስጥ፣ በኤፕሪል 1 ቀን 2025፣ ሸማቹ የሚከፍለው ቀረ። ትልልቅ ፋብሪካዎችና ነዳጅ አምራቾች የሚከፍሉት ግን በሥራ ላይ እንዲቆይ ተደረገ።