ኢጓና በጎንደር፦ ፀሐዩ ሞልቷል፣ ችግሩ ሌሊቱ ነው

እዚህ የምናወራው ሰዎች ቤት ውስጥ ስለሚያሳድጓት ትልቅ እንሽላሊት፣ ስለ አረንጓዴዋ ኢጓና ነው። አገሯ ከሜክሲኮ እስከ ብራዚል የሚዘልቀው ሞቃትና እርጥብ ደን ነው። ዛፍ ላይ ትኖራለች፣ ዋናም ታውቃለች። እኛ አካባቢ ሰው ሲያያት ቶሎ ትዝ የሚለው የጣናው አርጃኖ ነው፤ ግን አርጃኖ ሥጋ በል ነው፣ እሷ ደግሞ የለየላት ቅጠል በል። ይህን ሳያውቁ ሥጋና እንቁላል የሚያጎርሷት ሰዎች ወደዷት እንጂ አልጠቀሟትም፤ ውሎ አድሮ ኩላሊቷን ይጎዳዋል።

ጎንደር ከባሕር ጠለል ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። ቀን ፀሐዩ ያቃጥላል፣ ማታ ጋቢ ያስደርባል። ለእኛ ይህ የሚመሰገን አየር ነው። ኢጓና ግን ሙቀቷን የምታገኘው ከውጭ ነው። ቀን የምትሞቅበት ቦታ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ፣ የቀረው የሳጥኗ ክፍል ከ26 እስከ 30 ይሁን፤ ሌሊት ከ22 በታች አይውረድባት። ብርድ ከያዛት የበላችው አይፈጭላትም፣ ቅጠሉ ሆዷ ውስጥ ይቀመጣል፣ ከዚያ ምግብ ትተዋለች።

ነሐሴ ላይ አስቡት። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ መብራት ድርግም ይላል፣ ማሞቂያ አምፖሉም አብሮ። ቆይታችሁ በባትሪ ስታዩአት አረንጓዴው ቆዳዋ ጠቁሯል፣ ዓይኗን ጨፍና ቅርንጫፉ ላይ ተለጥፋለች። ያኔ የሞቀ ውሃ በጠርሙስ ሞልታችሁ፣ በፎጣ ጠቅልላችሁ አጠገቧ አድርጉ፤ ሳጥኑን በብርድ ልብስ ሸፍኑ፣ አየር መግቢያ ግን ተዉ። ከሰል አቀጣጥሎ ክፍሉን መዝጋት ፈጽሞ አይሆንም፤ የማይታየው መርዛማ ጋዙ እሷንም እናንተንም ይገድላል።

ፀሐዩ ላይ ግን ጎንደር ታድላለች። እናቶቻችን አራስ ልጅ ጠዋት ፀሐይ የሚያሞቁበት ምክንያት ለኢጓናም ይሠራል፤ አልትራቫዮሌት ጨረር ቆዳዋ ውስጥ ቫይታሚን ዲ ይሠራል፣ በእሱ ካልሲየሙ አጥንቷ ይገባል። ይህ ሲጓደል መንጋጋዋ ይለሰልሳል፣ እግሯ ያብጣል፣ ጣቶቿ ይንቀጠቀጣሉ። በሽታው ብዙ የቤት ኢጓናዎችን የሚገድል ነው፣ ደግሞ መከላከል ይቻል ነበር። በመስታወት በኩል የገባ ፀሐይ ያሞቃል እንጂ ጨረሩን አያሳልፍም፤ ስለዚህ በሽቦ ወንፊት ሳጥን ግቢ አውጧት፣ ግማሹን ጥላ አድርጉላት። ሐምሌና ነሐሴ ደመናው ስለሚበዛ ይህንን ጨረር የሚሰጥ ዩቪቢ የሚባል አምፖል ያስፈልጋል። እሱም እየበራ ጨረሩ ስለሚደክም ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ባለው ጊዜ ይቀየራል።

ምግቧ ቅዳሜ ገበያ አለ። ሀበሻ ጎመን በደቃቁ ተከትፎ፣ የተፈቀፈቀ ዱባ፣ የአልፋልፋ ቅጠል፣ እሾሁ የተላጠ የበለስ ቅጠል። እያቀያየራችሁ ስጡ፤ አንድ ዓይነት ብቻ አይሁን። ቆስጣ ካልሲየሙን ስለሚይዝባት ከስንት አንዴ ይሁን፣ ሰላጣ ውሃ ነው ማለት ይቻላል። የእንቁላል ቅርፊት ቀቅላችሁ፣ አድርቃችሁ፣ እንደ ዱቄት ፈጭታችሁ ጎመኑ ላይ ነስንሱት። አፍንጫዋ ዙሪያ ነጭ ነገር ካያችሁ አትደንግጡ፣ ትርፍ ጨው አስነጥሳ ስታስወጣ ነው።

ትንሽ ሆና ብትገዟትም ከነጭራዋ ከ1.5 ሜትር ልታልፍ ትችላለች፤ በደንብ ከተያዘች ከ15 እስከ 20 ዓመት ትኖራለች። አናጢ ዘንድ ስትሄዱ ቁመቱ ወደ 2 ሜትር የሚሆን፣ ሰፊ፣ ወፍራም ቅርንጫፍ የሚገባበት ቤት አሠሩ። እርጥበት ስለምትወድ በተለይ በበጋ ቀን ቀን ውሃ እርጩላት። ጭራዋን ይዛችሁ እንዳትጎትቱ፣ ይበጠሳል። ሴቷ ወንድ ባይኖርም እንቁላል ልትይዝ ትችላለች፤ የምትቆፍረው አፈር ካላገኘች እንቁላሉ ውስጧ ይቀርና ሕይወቷን ያሰጋል። ሳልሞኔላ የሚባል የሆድ በሽታ የሚያመጣ ባክቴሪያ ልትሸከም ስለምትችል ከነካችኋት በኋላ እጅ በሳሙና ይታጠባል፤ ሕፃናትን አስጠንቅቁ፣ ዕቃዋም ወጥ ቤት አይታጠብ።

ከውጭ ስትመጣ ወረቀት ያስፈልጋታል፤ ኢጓና በዓለም አቀፉ የዱር እንስሳት ንግድ ስምምነት፣ በሳይተስ፣ ሁለተኛው ዝርዝር ውስጥ ናት። ሰለቸኝ ብሎ ሜዳ ላይ መልቀቅ ደግሞ ጭካኔ ነው፤ የጎንደርን የኅዳር ሌሊት አትችለውም።

መላመዱ ጊዜ ይወስዳል። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት አታንሷት። ጎመኑን አስቀምጡላት፣ አጠገቧ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ። ከላይ የመጣ እጅ ለእሷ ጭልፊት ነው፤ ከጎን፣ ቀስ ብላችሁ ዘርጉላት።