25 አምፔር ማለት የት ሆኖ ነው? የሶላር ብሬከርና ሙቀት ላይ የማይሰለቹ ስህተቶች

ድሬዳዋ ላይ ሶላር እገጥማለሁ። ከግንቦት ጀምሮ ስልኬ በየቀኑ ከ8 ሰዓት በኋላ ይጮኻል፣ ወሬውም ያው ነው፦ «ብሬከሩ ጣለ (መስመሩን ቆረጠ)፣ ዕቃው ፎርጅድ ነው መሰለኝ»። ጠዋት ይጥላል ወይ ስል አይጥልም፣ ማታስ ስል አይጥልም፣ ፀሐይዋ ወደ ምዕራቡ ግድግዳ ስትዞር ብቻ ነው የሚጥለው። ፎርጅድ ዕቃ ሰዓት አይቶ ይበላሻል እንዴ ጎበዝ? በየቤቱ መድገም ስለሰለቸኝ አንዴ ጽፌው ልረፍ።

«25 የተጻፈበት ብሬከር የትም ቦታ 25 ይሸከማል»

አይሸከምም። የኔ ደም የሚፈላው እዚህች ጋ ነው፣ ምክንያቱም ደንበኛ ብቻ ሳይሆን ኤሌክትሪሺያን ነኝ የሚለውም ይላታል። አይኢሲ 60898 በሚባለው ስታንዳርድ የሚሰራ የቤት ብሬከር ላይ ያለው ቁጥር የተለካው ዙሪያው ያለው አየር 30 ዲግሪ ሆኖ ነው። ስታንዳርዱ ራሱ አየሩ ከ40 እንዳይበልጥ፣ የ24 ሰዓት አማካዩ ደግሞ ከ35 እንዳያልፍ ይላል። ብሬከሩ ውስጥ ሁለት ዓይነት ብረት ተጣብቆባት የተሰራች ቀጭን ምላስ አለች፣ ከረንት ሲበዛ ትሞቃለች፣ ስትሞቅ ትጎብጣለች፣ ስትጎብጥ መቆለፊያውን ትለቀውና ብሬከሩ ይጥላል። ምላሷ ታዲያ ሙቀቱ ከከረንት ይምጣ ከቆርቆሮ አትለይም። 60 ዲግሪ የገባ ሳጥን ውስጥ ካስቀመጥካት ገና ምንም ሳትጭንባት ጎበጥ ብላ ነው የምትጠብቅህ።

ስንት ይቀንሳል ላላችሁ፣ እንደ አምራቹ ሰንጠረዥ ይለያያል እንጂ 60 ዲግሪ ላይ ከ15 እስከ 20 ፐርሰንት ቢሄድ አይግረማችሁ፣ ማለትም 25ቱ ወደ 21 ወረደ። ጎኑ አምስት ስድስት ብሬከር ተለጥፎ ሁሉም ሎድ ላይ ከሆነ ደግሞ እርስ በርስ ይጋገራሉ፣ ለዚህም አምራቹ ሌላ መቀነሻ አለው፣ ብዙ ጊዜ 0.8 አካባቢ ነው፣ ስለዚህ 17 ገደማ ቀረልህ። አሁን 5 ኪሎዋት ኢንቨርተር፣ የፓነሉን ኃይል ወደ ቤት መብራት የሚቀይረው ዕቃ፣ ሙሉ ሲሰራ በ230 ቮልት ስታካፍለው 21.7 አምፔር ነው። 25 ተጽፎበታል ብለህ የተማመንክበት ብሬከር ኢንቨርተሩ ከሚያወጣው በታች ሆኗል ማለት ነው፣ ይሄ የብሬከሩ ጥፋት አይደለም፣ ሳጥኑን እዚያ የሰቀለው ሰውዬ ጥፋት ነው።

ባለፈው ዓመት የሄድኩበት ቤት ልንገራችሁ። የብሬከሩ ሳጥን ምዕራብ ግድግዳ ላይ፣ ከቆርቆሮው ክፈፍ አንድ ክንድ ዝቅ ብሎ ተሰቅሏል። የቤቱ እናት በረንዳ ላይ ወንበር አስቀምጠው ወንበሩ ላይ ቬንትሌተር፣ ቬንትሌተሩ ፊቱን ወደ ሳጥኑ፣ ክዳኑም ተከፍቶ የሽቦ መዓት እየታየ። «ልጄ፣ ይሄን ካላናፈስኩለት አንድ ሰዓት አይቆምም» አሉኝ። ከኔ በፊት ከመጡት ሁለቱ ባለሙያዎች ይልቅ ችግሩ የገባቸው እሳቸው ነበሩ፣ እውነቴን ነው! የመጀመሪያው መጥቶ 25ቱን በሌላ 25 ቀየረ፣ ጣለ። ሁለተኛው «ዕቃው ደካማ ነው» ብሎ 40 አስገባ፣ መጣሉ ቆመ፣ ገንዘቡን ተቀብሎ ሄደ። ትንሽ ቆይቶ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ መጣና እሳቸው ፈርተው ሁለተኛውን 25 መልሰው አስገቡ፣ ቬንትሌተሩም ያኔ ነው የመጣው። ክዳኑን ዘግቼ ሩብ ሰዓት ጠብቄ ቴርሞሜትር ሳስገባ 58 ዲግሪ፣ ክላምፕ ሜትሩ (ገመዱን አቅፎ ከረንት የሚለካው) ደግሞ 20.5 አምፔር፣ ሁለት ኤር ኮንዲሽነር እና አንድ ፍሪጅ። ገመዱ 4 ሚሊ (ካሬ ሚሊሜትር) ነው፣ ብሬከሩ ስር ያለው ልባሱ እንደ ተጠበሰ ሽንኩርት ቡናማ ሆኗል፣ በጥፍሬ ስነካው ተፈረፈረ።

ምን አደረግኩ? ሳጥኑን ነቅዬ ኮሪደር ውስጥ ጥላ ላይ ሰቀልኩት፣ ገመዱን በ6 ሚሊ ቀየርኩ፣ በብሬከሮቹ መሃል ክፍተት ተውኩ። ብሬከር አልገዛሁም። «ተበላሸ» ተብሎ መሳቢያ ውስጥ የተጣለውን የመጀመሪያውን 25 አምጡልኝ ብዬ እሱኑ መለስኩት፣ እስካሁን አንድ ቀን አልጣለም።

«ከጣለ ከፍ ያለ አስገባበት»

ይሄ ከመጀመሪያው የተወለደ ስህተት ነው፣ ግን ቤት የሚያቃጥለው እሱ ነው። ብሬከሩ የሚጠብቀው ገመዱን ነው እንጂ ፍሪጃችሁን አይደለም፣ ገመዱ ደግሞ ያው ሙቀት ውስጥ ነው ያለው። ተራ ፒቪሲ ልባስ ያለው ገመድ የመሸከም አቅሙ የተሰላው ለ30 ዲግሪ ነው፣ 50 ዲግሪ ላይ በ0.71 ታባዛዋለህ፣ 60 ላይ በግማሽ። ኮንዲዩት (የገመድ ቱቦ) ውስጥ ያለ 4 ሚሊ በ30 ዲግሪ 32 አምፔር ይችላል፣ በ50 ዲግሪ 23 እንኳ አይሞላም፣ 6 ሚሊው ከ41 ወደ 29 ይወርዳል። እና 4 ሚሊ ላይ 40 ስታስገባ ብሬከሩ ዝም ይላል፣ ፊውዙ ገመድህ ይሆናል። እርግጥ በረጅሙ ለሚሰራ ሎድ 1.25 እጥፍ አስበህ፣ 21.7ቱ 27 ሆኖ፣ 32 መርጠህ ከነ10 ሚሊ ገመዱ ብታስገባ ሥራ ነው፣ አልቃወምህም። ገመዱን ሳያይ ብሬከር ብቻ የሚያሳድገውን ግን ከግቢያችሁ አስወጡት።

«ሳጥኑ አይፒ 65 ስለሆነ ሙቀት አይገባውም»

አይፒ የአቧራና የውሃ ነገር ነው። ጥብቅ ብሎ የተዘጋ ሳጥን ሙቀት አያስወጣም፣ ፀሐይ ላይ ከተሰቀለማ ምድጃ ነው። ጥላ ፈልጉለት፣ ከቆርቆሮ አርቁት፣ ከተቻለ ምሥራቅ ግድግዳ ይሁን፣ ከሁሉም ከሁሉም ቤት ውስጥ። ከዋጋም አንጻር ሁለት ሜትር ገመድ ከአዲስ ኢንቨርተር ይረክሳል።

«አዲስ አበባ ብርድ ነው፣ እኛን አይመለከተንም»

የአዲስ አበባ ፀሐይም ሳጥን ትጋግራለች፣ ደግሞ እናንተ ሌላ ጣጣ አለባችሁ። የብሬከር ስታንዳርድ የሚያወራው እስከ 2000 ሜትር ከፍታ ነው፣ አዲስ አበባ ደግሞ ከ2300 በላይ ናት። አየር ሲሳሳ ማቀዝቀዙም ስፓርክ መከልከሉም ይቀንሳል፣ አምራቹ ለከፍታ የሚሰጠው ሰንጠረዥ አለ፣ እሱን እዩ።

«አሜሪካ ያለው ወንድሜ የላከልኝ ላይ 75 ዲግሪ ይላል፣ እስከዛ ይችላል»

እሱ የሚያስገቡበት ገመድ ጫፍ ላይ የሚፈቀደው ሙቀት ነው፣ የአየሩ አይደለም። የአሜሪካው ብሬከር አምፔሩ የሚለካው በ40 ዲግሪ አየር ነው።

«ብሬከሩ ሲነካ ሞቀ፣ ተበላሽቷል»

ሎድ ላይ ያለ ብሬከር ለብ ይላል፣ ጤነኛ ነው። አንዱ ብቻ ከጎረቤቶቹ ለይቶ ሲያቃጥል ግን ብዙ ጊዜ ብሎኑ ላልቷል ማለት ነው፣ ዋናውን አጥፍታችሁ አጥብቁት፣ የሚጠብቅበት ልክ ብዙ ጊዜ ብሬከሩ ላይ ራሱ ተጽፏል፣ በካቻቢቴ እስኪሰነጠቅ አይደለም።

«ፀሐይ በበረታ ቁጥር ፓነሉ ብዙ ይሰጣል»

ብርሃን ሲበዛ አዎ፣ ሙቀት ሲበዛ አይሰጥም። ፓነሉ ከ25 ዲግሪ በላይ በእያንዳንዱ ዲግሪ 0.3 እስከ 0.4 ፐርሰንት ያጣል።

«ብሬከር ብሬከር ነው፣ የኤሲውን ለፓነሉ አድርገው»

የኤሲ፣ ማለትም አቅጣጫውን እየለዋወጠ የሚሄደው የቤት መስመር፣ ከረንት በ50 ኸርዝ በሴኮንድ 100 ጊዜ ዜሮ ላይ ያልፋል፣ ስፓርኩ ያኔ ይሞታል። ዲሲ፣ ከፓነልና ከባትሪ የሚመጣው ባለ አንድ አቅጣጫ ከረንት፣ ዜሮ የለውም፣ የተነሳው እሳት ሳጥኑን በልቶ ነው የሚቆመው። የዲሲውን ስትገዙም ፕላስና ማይነስ የተጻፈበት ከሆነ ገልብጣችሁ አትሰሩት፣ ተገልብጦ የተሰራው ሎድ ላይ ሲጠፋ ስፓርኩን መግደል አቅቶት ሊነድ ይችላል። አንድ ነገር ደግሞ እወቁ፣ አንድ መስመር ፓነል ሾርት ቢሆን ዲሲ ብሬከሩ አይጥልም፣ 550 ዋት ፓነል ሲሰራ 13፣ ሾርት ሲሆን 14 አምፔር አካባቢ ነው የሚሰጠው፣ ለ16 ወይ ለ20 ብሬከር ያ ምኑም አይደለም፣ እዚያ ጋ ብሬከሩ ማብሪያና ማጥፊያ ነው። ባትሪው ጋ ግን ሌላ ነው፣ ሾርት ቢሆን ሺህ አምፔር ሊተፋ ስለሚችል እዚያ ጋ ርካሽ ብሬከር ይዞ የመጣ ሰው ካለ ዕቃውን ሳያወርድ መልሱት።