በኮምፒውተር ውስጥ የሚገጠም የቴፕ ባክአፕ ድራይቭ፦ አገጣጠሙና አያያዙ

በኮምፒውተር ሣጥን ውስጥ የሚገጠም ቴፕ ድራይቭ፣ በሃርድ ዲስክ ላይ ያለን መረጃ በማግኔታዊ ቴፕ ካርትሪጅ ላይ የሚገለብጥና ሲያስፈልግም ወደ ዲስክ የሚመልስ መሣሪያ ነው። ከውጪ ከሚቀመጠው ድራይቭ የሚለየው የራሱ መያዣና የራሱ የኃይል ምንጭ ስለሌለው ነው፤ ኤሌክትሪኩንም፣ ማቀዝቀዣ አየሩንም፣ የመረጃ መስመሩንም የሚያገኘው ከተሸከመው ኮምፒውተር ነው። በዚህ ምክንያት የውስጥ ድራይቭ ዕድሜና ታማኝነት ከአገጣጠሙ ጋር በጥብቅ የተሳሰረ ነው። የድራይቭ ብልሽት ተብለው ከሚመዘገቡ ችግሮች ብዙዎቹ ሲመረመሩ የኬብል፣ የተርሚኔተር (በመረጃ መስመሩ ጫፍ የሚሰካ መዝጊያ)፣ የመቆጣጠሪያ ካርድ ወይም የአቧራ ጉዳይ ሆነው ይገኛሉ። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አመጣጥ

ቴፕ የኮምፒውተር መረጃን መያዝ የጀመረው ከሃርድ ዲስክ ቀድሞ ነው። በ1951 ዩኒቫክ ከተባለው ኮምፒውተር ጋር የቀረበው ዩኒሰርቮ የብረት ቴፕ ይጠቀም ነበር፤ በ1952 የወጣው አይቢኤም 726 ደግሞ ፕላስቲክ ቴፕ ይዞ መጣ። 3ኤም በ1972 ያቀረበው ባለሩብ ኢንች ካርትሪጅ ቴፕን ወደ አነስተኛ ማሽኖች አወረደው፤ ከዚህ ዘር የሆኑት ኪውአይሲ-40 እና ኪውአይሲ-80 ከፍሎፒ መቆጣጠሪያ ጋር ይገናኙ ስለነበር የግል ኮምፒውተር ባለቤቶችም ይገጥሟቸው ነበር። ሶኒና ሂውሌት ፓካርድ በ1989 ዲዲኤስ የተባለውን ባለ4 ሚሊሜትር ዓይነት አወጡ። ከዲጂታል ኩባንያ የተወለደው ዲኤልቲ የተባለ የቴፕ ዓይነት በ1994 ወደ ኳንተም ተዛወረ።

ዛሬ ስለ ቴፕ ሲነሳ በተግባር የሚነሳው ኤልቲኦ ነው። አይቢኤም፣ ሂውሌት ፓካርድና ሲጌት በጋራ አዘጋጅተውት የመጀመሪያው ትውልድ በ2000 ገበያ ላይ ሲውል አንድ ካርትሪጅ 100 ጊጋባይት ይይዝ ነበር። በ2005 አካባቢ የተስፋፋው ሦስተኛው ትውልድ 400 ጊጋባይት፣ በ2010 የወጣው አምስተኛው 1.5 ቴራባይት፣ በ2017 የወጣው ስምንተኛው 12 ቴራባይት፣ በ2021 የወጣው ዘጠነኛው ደግሞ 18 ቴራባይት ደርሷል። ይህን ሁሉ ዕድገት ያስተናገደው ስፋቱ 12.65 ሚሊሜትር ብቻ የሆነ ቴፕ ነው። በመጀመሪያው ትውልድ በዚሁ ስፋት ላይ የሚጻፉት መስመሮች 384 ነበሩ፤ በዘጠነኛው 8,960 ሆነዋል። የቴፑም ርዝመት ከ609 ሜትር ወደ 1,035 ሜትር አድጓል። የካርትሪጁ ውጫዊ ቅርጽ በእነዚህ ትውልዶች ሁሉ አንድ ዓይነት ሆኖ መቆየቱ የዚህን ሥርዓት ጠንካራ ምሕንድስና የሚመሰክር ነው።

ድራይቭ የሚመርጥ ሰው በማሸጊያው ላይ በጉልህ የሚጻፈውን ቁጥር በጥንቃቄ ማየት ይኖርበታል። አምራቾች መረጃው በመጨመቅ የሚያንስበትን መጠን ገምተው ያስተዋውቃሉ፤ እስከ አምስተኛው ትውልድ ሁለት እጥፍ፣ ከስድስተኛው ጀምሮ ሁለት ከግማሽ እጥፍ። ስለዚህ 18 ቴራባይቱ ካርትሪጅ 45 ተብሎ ይሸጣል። ቪዲዮ፣ ፎቶግራፍና ቀድሞ የተጨመቀ ፋይል ግን በድራይቩ ውስጥ ዳግመኛ አያንስም፤ ዕቅድ የሚወጣው በትንሹ ቁጥር ነው። ሌላው ጉዳይ የትውልዶች መጣጣም ነው። እስከ ሰባተኛው ትውልድ ድረስ አንድ ድራይቭ የራሱንና ከራሱ በፊት ያሉትን ሁለት ትውልዶች ያነብ ነበር፤ የሚጽፈውም በራሱና በአንድ ወደኋላ ባለው ካርትሪጅ ላይ ነበር። ስምንተኛው ግን ሰባተኛውን እንጂ ስድስተኛውን አያነብም፤ ዘጠነኛውም የሚያነበው ስምንተኛውን ብቻ ነው። ብዙ የስድስተኛ ትውልድ ካርትሪጅ ያለው ተቋም በቀጥታ ወደ ስምንተኛው ቢዘል የራሱን መዝገብ ማንበብ ያቅተዋል።

መግጠም

የውስጥ ድራይቮች በአብዛኛው ግማሽ ቁመት የሚባለውን መጠን የያዙ ሲሆኑ ለሲዲ ድራይቭ በተዘጋጀው ባለ5.25 ኢንች ቦታ ይገባሉ። ኮምፒውተሩ ከኤሌክትሪክ ተነቅሎ፣ ገጣሚው የእጅ አንጓውን ጸረ ስታቲክ ማሰሪያ ከሣጥኑ ብረት ጋር አገናኝቶ፣ ድራይቩ ከፊት ለፊት እየተገፋ ገብቶ በሁለቱም ጎን በብሎን ይታሰራል። ብሎኖቹ ከድራይቩ ጋር የመጡት ወይም በርዝመት እነሱን የሚያክሉት መሆን አለባቸው፤ ረጅም ብሎን የጎኑን ብረት አልፎ የውስጡን አሠራር ሊነካ ይችላል። አንዱን ጎን ጨርሶ አጥብቆ ወደ ሌላው ከመሄድ ይልቅ አራቱንም በጥቂቱ ካስገቡ በኋላ በተራ ማጥበቅ የድራይቩ አካል እንዳይጣመም ያደርጋል። በሺህ የሚቆጠሩ መስመሮችን በጥቂት ሚሊሜትር ላይ የሚከተል ሄድ (መረጃውን የሚያነብና የሚጽፍ ክፍል) የተሸከመ መሣሪያ ስለሆነ ይህ ከልክ ያለፈ ጥንቃቄ አይደለም።

አየር ከሁሉ በላይ ችላ የሚባል ጉዳይ ነው። ድራይቩ ለሰዓታት ያለ ዕረፍት ሲሠራ ይሞቃል፤ ሙቀቱም ቴፑን ይነካል። የሣጥኑ ማራገቢያ አየሩን ከፊት ወደ ኋላ እንዲያሻግር፣ ክፍት የቀሩ አጎራባች ቦታዎችም በመሸፈኛቸው እንዲዘጉ ማድረግ ይበጃል። ይሁንና በድራይቩ በኩል የሚያልፈው አየር አቧራም ይዞ ስለሚመጣ ኮምፒውተሩ መሬት ላይ፣ ምንጣፍ አጠገብ ወይም የወረቀት ብናኝ ከሚያወጣ ፕሪንተር ጎን መቀመጥ የለበትም።

የመረጃውን መስመር በተመለከተ በሥራ ላይ የሚገኙት ድራይቮች በሁለት ይከፈላሉ። የቀደሙት ስከዚ በተባለው፣ ብዙ መሣሪያዎች አንድ መስመር በሚጋሩበት የግንኙነት ዓይነት የሚገናኙት ናቸው። በሰፊው ስከዚ መስመር ላይ ከ0 እስከ 15 የሚደርሱ አድራሻዎች ሲኖሩ 7 ቁጥር እንደ ልማድ ለመቆጣጠሪያ ካርዱ ይተዋል፤ ድራይቩ በጀርባው ባሉ ፒኖች ማንም ያልያዘው ቁጥር ይሰጠዋል። መስመሩ በሁለቱም ጫፍ፣ በጫፍ ብቻ፣ ተርሚኔተር ሊኖረው ይገባል። በአንዱ ጫፍ ካርዱ ራሱ ይህን ሥራ ሲሠራ በሌላው ጫፍ የኬብሉ መጨረሻ ላይ የሚሰካ ተርሚኔተር ያስፈልጋል፤ አብዛኞቹ የኤልቲኦ ድራይቮች የራሳቸው ተርሚኔተር የላቸውም። ተርሚኔተር የጎደለው መስመር ጨርሶ ከመሞት ይልቅ አንዳንዴ እየሠራ አንዳንዴ ስለሚያቋርጥ ችግሩ በካርትሪጁ ወይም በሶፍትዌሩ ይሳበባል። ኤልቪዲ በሚባለው ፈጣን አሠራር የሚሄድ መስመር ላይ ነጠላ ምልክት በሚባለው የቆየ አሠራር የሚሄድ አንድ መሣሪያ ቢገባ ደግሞ መስመሩ በሙሉ ወደ ዝቅተኛው ፍጥነት ይወርዳል፤ ስለዚህ ለቴፕ ድራይቩ የራሱን ካርድ መስጠት ይመረጣል።

ሁለተኛው ዓይነት፣ ከስከዚ በኋላ የመጣው ሳስ፣ ይህን ሁሉ አቃልሏል። አድራሻ መስጠትም ተርሚኔተር መሰካትም የለም፤ እያንዳንዱ ድራይቭ ለብቻው መስመር አለው። የቀረው መሰናክል የካርዱ ዓይነት ነው፦ ብዙ የሬድ (ብዙ ዲስኮችን እንደ አንድ የሚያሠራ ዘዴ) ካርዶች ዲስክን ብቻ እንዲያስተዳድሩ ስለተሠሩ ቴፕ ድራይቩን ለኦፕሬቲንግ ሲስተሙ አያሳዩትም። የሚያስፈልገው ሬድ የማይሠራ ተራ የሳስ ካርድ ነው። ለኃይል ድራይቩ 5 እና 12 ቮልት ይፈልጋል፤ ከፓወር ሰፕላዩ የሚመጣውን መስመር በማከፋፈያ ለብዙ መሣሪያ ከመከፋፈል ለድራይቩ የራሱን መስጠት የተሻለ ነው።

ከሶፍትዌር ጋር ማገናኘት

ኮምፒውተሩ ሲበራ ድራይቩ ራሱን ይፈትሻል፤ ከዚያም ካርዱ በሚያሳየው ዝርዝር ውስጥ ስሙ መታየት አለበት። እዚያ ካልታየ በኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ውስጥ መፈለግ ጊዜ ማባከን ነው። በሊኑክስ አንድ ድራይቭ በሁለት ስም ይጠራል። ኤስቲ0 በሚለው ስም የተጻፈ ሥራ ሲያበቃ ቴፑ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል፤ ኤንኤስቲ0 በሚለው ግን ባለበት ይቆማል። ሁለተኛውን ቅጂ ከመጀመሪያው ቀጥሎ ለመጻፍ ያሰበ ሰው የመጀመሪያውን ስም ከተጠቀመ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ቀዳሚውን ይደመስሳል። በዊንዶውስ በኩል እስከ ሰርቨር 2003 ድረስ ከሲስተሙ ጋር የሚመጣው የባክአፕ ፕሮግራም ቴፕ ይጽፍ ነበር፤ ከሰርቨር 2008 ጀምሮ የመጣው ተተኪው አይጽፍም፤ ስለዚህ ሌላ ፕሮግራም ያስፈልጋል። ከአራተኛው ትውልድ ጀምሮ ድራይቩ ራሱ ባለ256 ቢት ምስጠራ ያከናውናል፤ ቁልፉ የጠፋበት ካርትሪጅ ግን ለባለቤቱም ቢሆን ባዶ ቴፕ ነው።

ፍጥነት

ቴፕ ዘገምተኛ ነው የሚለው አባባል ሥር የሰደደ ቢሆንም ትክክል አይደለም። አምስተኛው ትውልድ በሴኮንድ 140 ሜጋባይት ይጽፋል፤ የዘጠነኛው ግማሽ ቁመት ድራይቭ 300 ይደርሳል። ዘገምተኛው አብዛኛውን ጊዜ መረጃውን የሚያቀርበው ወገን ነው። የአንድ ጊጋቢት ኔትወርክ በንድፈ ሐሳብ እንኳ በሴኮንድ ከ125 ሜጋባይት አያልፍም፤ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ትናንሽ ፋይሎች የያዘ ዲስክ ደግሞ ከዚያም በብዙ ያንሳል። መረጃው ሲቋረጥ ድራይቩ ቴፑን ያቆማል፣ ጥቂት ወደ ኋላ ይመልሳል፣ እንደገና ይነሣል። ይህ ሲደጋገም ሥራው ይጓተታል፣ ቴፑም ሄዱም ይበላሉ። ዘመናዊ ድራይቮች ፍጥነታቸውን ከሚመጣው መረጃ ጋር በማስተካከል ይህን ይቀንሱታል፤ ሆኖም ዝቅ የሚሉበት ወለል አላቸው። መድኃኒቱ ቅጂውን አስቀድሞ በፈጣን የውስጥ ዲስክ ላይ አዘጋጅቶ ከዚያ በአንድ ወጥ ጉዞ ወደ ቴፕ ማሻገር ነው። እንዲያም ሆኖ 18 ቴራባይት በ300 ሜጋባይት ለመሙላት ወደ 17 ሰዓት ይፈጃል። አዲስ የዘጠነኛ ትውልድ ካርትሪጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገባ ድራይቩ ካርትሪጁን ለማጥናት እስከ ሁለት ሰዓት ሊወስድ እንደሚችልም ማወቅ ይገባል፤ ተበላሽቷል ተብሎ በመካከል መቋረጥ የለበትም።

ማጽዳት

ስለ ማጽዳት ሁለት ዓይነት ልማድ አለ። አንዳንድ ኦፕሬተሮች በየሳምንቱ የማጽጃ ካርትሪጅ ያስገባሉ፤ ይህ ከዲዲኤስና ከዚያ በፊት ከነበሩት ድራይቮች የተወረሰ ሲሆን ለእነዚያ ተገቢ ነበር። ለኤልቲኦ ግን ትክክለኛው መንገድ ድራይቩ ሲጠይቅ ማጽዳት ነው፤ በውስጡ ሄዱን የሚጠርግ ብሩሽ አለው፣ የማጽጃው ቴፕም ሻካራ ስለሆነ ያለ ምክንያት ሲደጋገም ሄዱን ይፍቃል። ጥያቄው በፊት ለፊት መብራት ወይም በአይቢኤም ድራይቮች ላይ በሲ ፊደል ይታያል፤ ወደ ሶፍትዌሩ ደግሞ ቴፕአለርት በተባለው ሥርዓት በኩል ይደርሳል። ከሥርዓቱ 64 ምልክቶች መካከል 20ኛው አሁኑኑ ይጽዳ፣ 21ኛው የማጽጃ ጊዜ ደርሷል፣ 22ኛው የማጽጃው ካርትሪጅ አልቋል ማለት ነው። የአንድ ማጽጃ ካርትሪጅ አገልግሎት እንደ አምራቹ ይለያያል፤ ብዙዎቹ 50 ጊዜ ያህል ያገለግላሉ፣ ካለቀበት በኋላ ቢገባም አያጸዳም። በአልኮል የተነከረ ጥጥ ለጥንቱ ባለመዘውር ድራይቭ ያገለግል ነበር፤ በኤልቲኦ ድራይቭ ውስጥ ግን ፈጽሞ መግባት የለበትም። የጽዳቱ ጥያቄ ወዲያው ወዲያው ከተመለሰ፣ ሌላ ካርትሪጅ መሞከር የጥፋቱን ምንጭ ይለያል፦ ጥያቄው አንድን ካርትሪጅ ብቻ የሚከተል ከሆነ የቆሸሸው ወይም የተጎዳው ካርትሪጁ ነው።

ካርትሪጆችን መያዝ

ለረጅም ጊዜ የሚቀመጥ ካርትሪጅ በሳጥኑ ውስጥ ቀጥ ብሎ፣ ከ16 እስከ 25 ዲግሪ ሴልሺየስ በሆነ ሙቀትና ከ20 እስከ 50 በመቶ በሆነ እርጥበት ይጠበቃል። በዚህ ሁኔታ 30 ዓመት እንደሚቆይ አምራቾች ይናገራሉ። ይህ በተፋጠነ ሙከራ ላይ የተመሠረተ ግምት ነው፤ ኤልቲኦ ራሱ ገና ያን ያህል ዕድሜ አልቆጠረም። ከሌላ ክፍል የመጣ ካርትሪጅ ድራይቩ ባለበት ክፍል አንድ ቀን ማደር አለበት። የወደቀ ካርትሪጅ ከመግባቱ በፊት ድራይቩ ቴፑን የሚስብባት ትንሿ የብረት ፒን በቦታዋ መሆኗ ይታያል፤ ፒኗ የተዛነፈች ካርትሪጅ ድራይቩን ሊያበላሽና ካርትሪጁ እዚያው ተቀርቅሮ እንዲቀር ሊያደርግ ይችላል። ኤልቲኦ ካርትሪጅን በኃይለኛ ማግኔት መደምሰስ በፋብሪካ የተጻፉትን፣ ሄዱ የሚመራባቸውን መስመሮች ስለሚያጠፋ ካርትሪጁ ከዚያ በኋላ ለምንም አይውልም፤ ለመጣል ለታሰበ ካርትሪጅ ግን ይኸው ዘዴ ጥሩ ነው።

ካርትሪጆቹ አያት፣ አባትና ልጅ በሚባለው ዙር ይቀያየራሉ፤ የዕለቱ በየሳምንቱ፣ የሳምንቱ በየወሩ እንደገና ሲጻፍባቸው የወሩ ለዓመት ወይም ከዚያ በላይ ይቆያል። ከድራይቩ ወጥቶ በሌላ ሕንጻ የተቀመጠ ካርትሪጅ በኔትወርክ የሚገባ ቤዛ ጠያቂ ቫይረስ ሊደርስበት አይችልም፤ ይህ ዲስክም ሆነ ደመና በተፈጥሮው የማይሰጠው ጥበቃ ነው። በየካቲት 2011 በሶፍትዌር ስሕተት ከጂሜይል ተጠቃሚዎች 0.02 በመቶ ያህሉ ደብዳቤዎቻቸው ሲጠፉ በተለያዩ የመረጃ ማዕከላት የነበሩት ቅጂዎች ሁሉ አብረው ተነክተው ነበር፤ ጎግል ደብዳቤዎቹን የመለሰው ከቴፕ ነው።

የተጻፈው መነበቡ የሚረጋገጠው በመመለስ ሙከራ ብቻ ነው። ከተለያዩ ወራት የተመረጡ ካርትሪጆች በየጊዜው ወደ ባዶ ዲስክ ተመልሰው ፋይሎቹ ተከፍተው መታየት አለባቸው፤ የሚቻል ከሆነ ሙከራው በሌላ ድራይቭ ቢደረግ ይመረጣል፣ ሄዱ የተዛነፈ ድራይቭ ራሱ የጻፈውን ራሱ እያነበበ ሌላ ድራይቭ ግን ላያነበው ይችላልና። ድራይቩ ሲተካ አሮጌው ካርትሪጆቹ ወደ አዲሱ ትውልድ ተገልብጠው እስኪያልቁ ድረስ ከነካርዱ፣ ከነኬብሉ፣ ስከዚ ከሆነም ከነተርሚኔተሩ ይቀመጣል፤ ካርትሪጆቹን የጻፈው ፕሮግራም ቅጂና የምስጠራው ቁልፍም አብረው ይጠበቃሉ።